ግንድ ላይ የበቀሉ ጥቃቅን ጽዋዎች፦ ከቀለማቸው በፊት ከረጢታቸውን ይዩ

ጥያቄ፦ «ከተከታታይ ዝናብ በኋላ በአንድ የወደቀ ግንድ ላይ ሦስት ዓይነት ጥቃቅን ጽዋዎች አገኘሁ። የመጀመሪያው የሎሚ ቢጫ ነው፤ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ቅርፊቱ በተላጠው የግንዱ ክፍል ላይ በመቶዎች ተጠጋግቶ በቅሏል። ሁለተኛው ነጭና ጸጉራም ነው፤ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከግንዱ በወጣ ደረቅ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ነው ያለው። ሦስተኛው ግራጫና ጠፍጣፋ ሆኖ እንጨቱ ላይ ተለጥፏል። የስልኬ መተግበሪያ ለቢጫው በሦስት ፎቶ ሦስት ስም ሰጠኝ፦ ቢስፖሬላ ሲትሪና፣ ካሊሲና ሲትሪና፣ ዳክሪማይሴስ። ነጩን ላክነም ነው አለኝ። እስከ 400 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ አለኝ፤ ግን ምን እንደማይበት አላውቅም። ስማቸውን እንዴት ላረጋግጥ? ይበላሉስ?»

ምላሽ፦

ሰላም ጠያቂያችን፣

የመጨረሻውን ጥያቄ ላስቀድም፤ አይበሉም። አንድ እፍኝ ለመሙላት ሺህ ጊዜ ማጎንበስ የሚጠይቅ ነገር ምግብ አይሆንም፤ ስሙ ያልተረጋገጠ እንጉዳይ ደግሞ ወደ አፍ አይጠጋም። ይህ በዚሁ ይብቃን።

መተግበሪያው ሦስት ስም መስጠቱ አላስገረመኝም። እሱ የሚያየው ቀለምና ቅርጽ ነው። በእነዚህ ፍጥረታት ዘንድ ግን ጽዋነት ዝምድና ሳይሆን አለባበስ ነው። እርስ በርስ በጣም የተራራቁ የፈንገስ ወገኖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ጽዋ ሆነዋል። ቅርጹ ምቹ ስለሆነ ነው፤ ስፖር፣ ማለትም እንጉዳይ እንደ ዘር የሚራባበት ደቃቅ ቅንጣት፣ የሚፈራበትን ስስ ንብርብር ከንፋስና ከድርቀት ይከልላል፣ ስፖሩ የሚወጣበትን አፍ ደግሞ ክፍት ይተዋል። ስለዚህ «ስሙ ማን ነው?» ከማለታችን በፊት «ስፖሩን የሚሠራው እንዴት ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን። ይህን ፎቶ አይመልሰውም። የእርስዎ ማይክሮስኮፕ ግን ይመልሰዋል፤ 400 ለዚህ ይበቃል።

እውነተኞቹ ጽዋ እንጉዳዮች ስፖራቸውን የሚሠሩት አስከስ በሚባል ረዘም ያለ ከረጢት ውስጥ ነው። የጽዋውን ውስጠኛ ገጽ በስሱ ቆርጠው ቢያዩት ከረጢቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ብዙውን ጊዜ 8 ስፖሮች አሉ። በከረጢቶቹ መካከል ፓራፊሲስ የሚባሉ፣ ስፖር የማይሠሩ ቀጫጭን ክሮች ይገባሉ። ሌላው ትልቅ ወገን፣ ጃንጥላ የሚመስሉት የተለመዱ እንጉዳዮች የሚመደቡበት፣ ከረጢት የለውም። ባዚዲየም የሚባል ዱላ መሰል ሕዋስ አለው፤ ስፖሮቹ ብዙውን ጊዜ 4 ሆነው ከአናቱ በወጡ ትንንሽ ቀንዶች ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከረጢት ውስጥ 8፣ ወይስ ቀንድ ላይ 4? የመጀመሪያው መንታ መንገድ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ መድረሻው ስህተት ነው።

እኔን በጣም ያጓጓኝ ነጩ ነው፤ ላክነም ላይሆን ይችላል፤ ከነጭራሹ ከጽዋ እንጉዳዮች ወገን ላይሆንም ይችላል። ጥርጣሬዬ የመጣው ከበቀለበት ቦታ ነው። ደረቅ፣ ቀጭን፣ አየር የሚመታው ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጸጉራም ጽዋ ሲገኝ ሁለት ተፎካካሪ ይታየኛል። አንዱ ባለ ከረጢቱ ላክነም ነው። ሌላው ባለ ቀንዱ ላክኔላ ነው። ስማቸው የተቀራረበው ሁለቱም ስስ ሱፍ ከሚል የግሪክ ቃል ስለመጡ ነው፤ ስም አውጪዎቹም እንደ እኛው መጀመሪያ ዓይናቸው የገባው ጸጉሩ ነበር። ላክኔላ በዘር ሐረጉ የጃንጥላ እንጉዳዮች ዘመድ ነው። ጃንጥላውንም እግሩንም ጥሎ ጸጉራም ጽዋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በ10 ጊዜ ማጉያ ሌንስ ከጎን ይዩት። ላክነም ብዙውን ጊዜ እግር አለው፤ ቀጭን፣ እሱም ጸጉራም የሆነ። ላክኔላ እግር የለውም ቢባል ይሻላል፤ ሰፋ ባለ መቀመጫው እንጨቱ ላይ ቁጭ ያለ የሱፍ ኳስ ይመስላል። ሲደርቁ ሁለቱም ጠርዛቸውን ወደ ውስጥ ያጥፋሉ፤ ላክኔላ ግን ጭራሽ ተጠቅልሎ አፉ እስከማይታይ ድረስ ይዘጋል። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ቀስ እያለ ይከፈትና ወደ ጭስማ ወይን ጠጅ የሚያደላ ውስጡን ያሳያል። እግር የሌላቸው የላክነም ዘመዶችም ስላሉ በሌንስ ብቻ አይፍረዱ። ሌንሱ የሚያስጠረጥር እንጂ የሚፈርድ መሣሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ። አንዷን ጽዋ በወረንጦ አንስተው የመስታወት ስላይድ ላይ በውሃ ጠብታ ውስጥ ያኑሯት። በአዲስ ምላጭ ከአፏ ወደ መቀመጫዋ ለሁለት ይሰንጥቋት፤ ከግማሿ ጎን ደግሞ የሚችሉትን ያህል ስስ ቅጠል ይላጡ። መሸፈኛ መስታወቱን ያልብሱና በእርሳስ ላጲስ ጫፍ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። መጀመሪያ በ100፣ ከዚያ በ400 ይዩ። ላክነም ከሆነ ሦስት ነገር ይጠብቅዎታል። አንደኛው ጸጉሩ ነው፤ ስስ ግድግዳ ያለው፣ በየመሀሉ የተከፋፈለ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሻካራ የሆነ። ሁለተኛው ፓራፊሲሱ ነው፤ እንደ ጦር ጫፉ የሾለና ከአስከሶቹ አናት በላይ ብቅ ያለ። ይህ ጦር ከጸጉሩም ይልቅ የላክነም መታወቂያ ነው። ሦስተኛው ስፖሩ ነው፤ ለምሳሌ ላክነም ቨርጂኒየም ላይ ከ6 እስከ 10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚረዝም፣ ውፍረቱ ግን 2 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ቀጭን ስንጥር።

ላክኔላ ከሆነ ደግሞ ጦርም ከረጢትም አያገኙም። ጸጉሩ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ስፖሩ ወፈር ብሎ እንቁላል ይመስላል፣ ከላክነም ስንጥር ጋር ጭራሽ አይምታታም። ክሮቹን በጥንቃቄ ቢከተሏቸው ሁለት ሕዋሶች በሚገናኙበት ላይ በጎን የወጣች ትንሽ ጉብታ ያያሉ፤ ክላምፕ ይሏታል። ክላምፕ ካዩ ክርክሩ አለቀ፤ ባለ ከረጢቶቹ ጽዋዎች ክሮች ላይ አትገኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። በጀማሪነቴ እንዲህ ያለ ነጭ ጽዋ ይዤ ሁለት ምሽት ሙሉ አስከስ ስፈልግ ቆየሁ። አላገኘሁም። «ላክነም፣ ያልበሰለ» ብዬ ፖስታው ላይ ጽፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ከፍቼ ሳርሰው አራቱ ቀንዶች ፊቴ ላይ ተገተሩ። ጽዋው በስሎ ነበር፤ ያልበሰልኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ «ያልበሰለ» የሚለውን ቃል ከመጻፌ በፊት ቢያንስ ከአምስት ጽዋ ቆርጬ አያለሁ።

ሌሎች አስመሳዮችም አሉ፤ ቶሎ ልለፋቸው። ጽዋው ውስጥ ምስር የሚያካክሉ እንቁላሎች ካሉ የወፍ ጎጆ እንጉዳይ ነው፤ የዝናብ ጠብታ እንቁላሎቹን እያፈናጠረ የሚዘራቸው። ሲነኩት ዱቄት ሆኖ የሚበን ባዶ ስስ ጽዋ ከሆነ የስላይም ሞልድ ቅሪት ነው፤ እሱ ፈንገስም አይደለም። ሲቆርጡት ከሥሩ አረንጓዴ ክብ ሕዋሶች ከታዩ ላይከን ነው፤ ከአልጌ ጋር የሚኖር ማለት ነው። ላይከን ራሱ ከረጢትና 8 ስፖር ስላለው ጀማሪን በደንብ ያሳስታል፤ ስለዚህ አስከሱን ብቻ አይተው አይቁሙ፣ ሥሩንም ይዩ።

ቢጫው ላይ ነገሩ ይቀላል። ከሦስቱ ስሞች ቢስፖሬላ ሲትሪናና ካሊሲና ሲትሪና የአንድ ዝርያ የቀድሞና የአሁን ስም ናቸው፤ መተግበሪያው ሳያውቀው ራሱን ደግሟል። ዳክሪማይሴስ ግን ከዝልግልጎቹ ወገን ነው። ስሙ እንባ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን በእርግጥም ግንዱ ያለቀሰው ጠብታ ይመስላል፤ የጎበጠ ነው፣ ጠርዝ ያለው ጽዋ አይደለም፣ በጥፍር ሲጫኑት ይንሸራተታል። በማይክሮስኮፕ ደግሞ ባዚዲየሙ ቁጭ ባላ ነው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣ ባላ። ይህን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። የእርስዎ ፎቶ ላይ ጠርዝ በግልጽ ስለሚታይ ዳክሪማይሴስን እዚሁ እናሰናብተው።

ካሊሲና ሲትሪና መሆኑን ለማረጋገጥ አንዷን ጽዋ ነቅለው በጎኗ ያስተኟት። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ አጭር እግር፣ ጸጉር የሌለው ልሙጥ ውጫዊ ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች ያው ቢጫ ወይም ትንሽ ፈዘዝ ያለ፤ ይህ ሁሉ ከተሟላ መንገዱ ጥሩ ነው። ስፖሩ ርዝመቱ ከ9 እስከ 14፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ የዘይት ጠብታ ይዟል፤ ሲያረጅ መሀሉ ላይ ስስ ግድግዳ ያወጣል። በ400 ጠብታዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቅርፊቱ በተላጠ ጠንካራ እንጨት ላይ በመቶዎች መንጋ ሆኖ መብቀሉም የዚህ ዝርያ ጠባይ ነው። በመቶ ባልምልም እርስዎ ያገኙት እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሦስት ነገሮች ግን ሐሳቤን ሊያስቀይሩኝ ይችላሉ። ጽዋው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ሰም ያለ ከሆነና ስፖሩ በ400 ነጥብ ብቻ የሚመስል እጅግ ደቃቅ ከሆነ ኦርቢሊያ ነው። ከኦርቢሊያ ዘመዶች አንዳንዶቹ፣ በነገራችን ላይ፣ በሌላኛው የሕይወት ደረጃቸው በእንጨትና በአፈር ውስጥ ኒማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎችን በወጥመድ እየያዙ ይበላሉ፤ ያቺ የዋህ የምትመስል ቢጫ ጽዋ የአዳኝ ቤት ናት። ሁለተኛው፣ ከቢጫው ጽዋ ሥር ጥቁር ጠጣር ቅርፊት መሰል ነገር ካለ ነው። ያ ጥቁር ነገር ሌላ ፈንገስ ነው፤ በእሱ ላይ ወይም በአጠገቡ የሚበቅለው ትንሽ ቢጫ ጽዋ ቢስፖሬላ ሰልፉሪና ተብሎ የተገለጸው ይሆናል። ሦስተኛው እግሩ ነው፤ ከጽዋው ስፋት በላይ የሚረዝምና ቀጥ ያለ ከሆነ ሃይሜኖሲፈስ የሚባለውን ወገን ማሰብ አለብን።

ከፎቶዎ ጥግ ላይ፣ ምናልባት ልብ ያላሉት፣ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ያደላ እንጨት አየሁ። ቀለም የፈሰሰበት እንዳይመስልዎ። ክሎሮሲቦሪያ የሚባል ጽዋ እንጉዳይ ክሩን እንጨቱ ውስጥ ሲዘረጋ ዛይሊንዲን የሚባል ቀለም ያመነጫል። ቀለሙ ለዘመናት የማይለቅ በመሆኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኢጣሊያ እንጨት ጠራቢዎች ቁርጥራጩን በሥዕላዊ የእንጨት ገበታዎቻቸው ውስጥ ለአረንጓዴ ቦታ ይጠቀሙበት ነበር። ጽዋው ራሱ ከእንጨቱ ይልቅ ብርቅ ነው፤ የተበከለ ግንድ መቶ ጊዜ አይተው ጽዋውን አንዴ ቢያገኙ ዕድለኛ ነዎት። በዚያ ግንድ እርጥብ ጎን፣ መሬት በሚነካው በኩል፣ ተንበርክከው ይፈልጉ። ካገኙት የስፖሩን ርዝመት ይለኩ፤ 10 ማይክሮን የማይሞላ ከሆነ ክሎሮሲቦሪያ ኤሩጂናሰንስ፣ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ክሎሮሲቦሪያ ኤሩጂኖሳ ወደሚባለው ያደላል።

ግራጫው ሞሊሲያ ሳይሆን አይቀርም። ለስላሳ፣ እግር የለሽ፣ ውጫዊ ግድግዳው ክብ ክብ ከሆኑ ቡናማ ሕዋሶች የተሠራ ከሆነ ወገኑ ይህ ነው። ወደ ዝርያ ልውረድ ካሉ ግን ብዙ ባለሙያ ትከሻውን የሚነቀንቅበት ቦታ ደርሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ይሞክሩ፤ በውሃ ውስጥ በሕይወት ያለውን ፓራፊሲስ አይተው ጨርሰው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ያስገቡበት። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይለቃሉ፣ ሌሎቹ ምንም አይሆኑም። መልሱን ከፎቶው ጋር ጽፈው ያኑሩት፤ «ሞሊሲያ» ብሎ መቆም ነውር የለውም። ያልተረጋገጠ የዝርያ ስም ከመለጠፍ የወገኑን ስም ጽፎ ማቆም የበለጠ እውቀት ነው። ግራጫው ከእንጨቱ ላይ ሳይሆን ከውስጡ ፈንቅሎ የወጣ ከሆነ፣ ጠርዙም እንደ ተቀደደ ወረቀት ከሆነ፣ ያ ሌላ ነው፤ ፕሮፖሊስን ያስቡ።

ስለ አሠራሩ ሁለት ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ምላሼ ጎዶሎ ይሆናል።

አንደኛው፣ በሕይወት ሳለ ማየት ነው። ብዙ ሰው ናሙናውን አድርቆ፣ ከሳምንታት በኋላ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርሶ ነው የሚያየው። ሃንስ ኦቶ ባራል የሚባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 አጥብቆ እንደተከራከረው፣ በሞተ ሕዋስ ውስጥ ግማሹ ማስረጃ ጠፍቷል። አስከሱ ሲሞት ይሟሽሻል፣ የዘይት ጠብታዎቹ ይዋሃዳሉ ወይም ይበተናሉ፣ ፓራፊሲስ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበራው ፈሳሽ ይጠፋል፣ የኦርቢሊያ ስፖር ውስጥ ያለችው ትንሽ አካልም አትታይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ተራ ውሃ፣ ከዚያ ፎቶና ልኬት፣ ኬሚካል በመጨረሻ። ጊዜዎንም ይወቁ። እንደ ነጩ ፀሐይና ንፋስ በሚመታው ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩት ድርቀትን ስለለመዱ ደርቀው ቆይተውም ሲያርሷቸው ይነቃሉ። እንደ ቢጫው በራሰ ግንድ ላይ ያሉት ግን ቶሎ ይሞታሉ፤ እርጥብ ወረቀት ባለበት ትንሽ ሳጥን ያዙና በማግስቱ ይመልከቷቸው።

የሚለኩትም ስፖር በከረጢት ውስጥ ያለውን ሳይሆን የተተፋውን ይሁን። አስከስ ሲበስል ስፖሩን በኃይል ወደ ውጭ ይወነጭፋል። ጽዋዋን አፏን ወደ ስላይዱ አድርገው እርጥበት ባለበት ክዳን ሥር ሌሊቱን ያሳድሯት፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ስስ ጉም ያገኛሉ፣ እሱ ሁሉ የበሰለ ስፖር ነው። ከዚያ 20 ያህሉን ይለኩ። የማይክሮስኮፕዎ ዓይን ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር በ100 የተከፈለ ማስመሪያ ካለ፣ በ40 ሌንስ አንዱ ክፍል 2.5 ማይክሮን ገደማ ነው፤ በልኬት ስላይድ ያረጋግጡት። እንግዲህ 2 ማይክሮን ውፍረት ያለውን የላክነም ስፖር በዚህ በትክክል መለካት አይቻልም፤ ርዝመቱን ይመኑ፣ ውፍረቱን በግምት ይጻፉ። ባለ ዘይት 100 ሌንስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አዮዲን ነው፤ የአስከሱ ጫፍ በእሱ ቀለም መለወጡ ዝርያን ለመለየት ይረዳል። 1 ግራም አዮዲንና 3 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢሟሟ ሉጎል የሚባለው መፍትሔ ይሆናል። አንድ ጠብታ በመሸፈኛ መስታወቱ አንድ ጎን አድርገው በሌላው ጎን በሶፍት ወረቀት ይሳቡት። የአስከሱን ጫፍ ሳይለቁ ይመልከቱ። ካሊሲና ሲትሪና ላይ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል። አንዳንድ ዝርያ ሰማያዊ ሳይሆን ቀይ ይሆናል፤ ብዙ የቆዩ መግለጫዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክሎራል ሃይድሬት ያለበት ሜልዘር የሚባለው ሌላ የአዮዲን መፍትሔ ይህን ቀይ ስለሚያፍነው ተመልካቹ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል። ያንኑ ናሙና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ካስቀደሙት ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ባራል ይህን እ.ኤ.አ. በ1987 በዝርዝር አሳይቷል። ስለዚህ በሉጎል ይጀምሩ፤ መግለጫ ሲያነቡም በየትኛው አዮዲን እንደታየ ይመልከቱ።

ጫፉን እያዩ ሳለ አከፋፈቱንም ይመልከቱ። ፈረንሳዊው ኤሚል ቡዲየ እ.ኤ.አ. በ1885 ጽዋ እንጉዳዮችን ለሁለት የከፈላቸው በዚህ ነው፤ የአንዳንዶቹ ከረጢት እንደ ድስት ክዳን አለው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ስፖሩ ይወጣል፤ የሌሎቹ ክዳን የለውም፣ ጫፉ ላይ በቀዳዳ ወይም በስንጥቅ ይተፋል። የእርስዎ ሦስቱም፣ ነጩ ላክነም ሆኖ ከተገኘ፣ ከክዳን የለሾቹ ናቸው። ክዳን ያለውን እንጨት ላይ ማየት ከፈለጉ ዳር ዳሩን ጥቁር ሽፋሽፍት የመሰለ ጸጉር ያለውን ቀይ ብርቱካናማ ስኩተሊኒያ ይፈልጉ፤ በራሰ የበሰበሰ ግንድ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ነጥብ ለምታህል ነገር?» ይሉኝ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። አሽ የሚባለውን ዛፍ በአውሮፓ በሰፊው የገደለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖላንድ ውስጥ ጎልቶ ታየ። መንስኤው እ.ኤ.አ. በ2006 ቻላራ ፍራክሲኒያ ተብሎ ተገለጸ፤ በ2009 የዚሁ ፈንገስ ጽዋ ሲገኝ ሃይሜኖሲፈስ አልቢደስ ነው ተባለ። አልቢደስ ግን በወደቀ የአሽ ቅጠል ዘንግ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲበቅል የኖረ፣ ዛፉን የማይጎዳ ነጭ ጽዋ ነበር። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። በ2011 በዲኤንኤ ሲታይ ገዳዩ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ሃይሜኖሲፈስ ፍራክሲኒየስ ይባላል። በዓይን ሁለቱን መለየት አይቻልም። በማይክሮስኮፕ ግን አስከሱ ከታች ከክሩ ጋር በሚያያዝበት ላይ ይለያያሉ፤ ገዳዩ ትንሽ መንጠቆ አለው፣ ጉዳት የለሹ የለውም። ያቺ መንጠቆ ከመጀመሪያው ታይታ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ቀደም ብሎ ይነሳ ነበር።

ዲኤንኤ ሁሉን አይፈታም ወይ? አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ቁራጭ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች አጠቃላይ መለያ ሆኖ ቀርቧል፤ ብዙ ጊዜም ይረዳል። ነገር ግን የሚመሳከረው በሌሎች ሰዎች ከተመዘገቡ ቅደም ተከተሎች ጋር ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ስም ከተሳሳተ ስህተቱ አብሮ ይመጣል። በተለይ ሞሊሲያ ላይ ይህን እፈራለሁ።

እንግዲህ ወደ ግንዱ ሲመለሱ ከመንቀልዎ በፊት ዛፉ ምን እንደሆነ ይጻፉ፤ ካላወቁት ቅርፊትና ቅጠል ካለ ፎቶ ያንሱ። ቢላ ወደ እንጨቱ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጽዋው ከላይ ይሁን ከታች፣ ከሥሩ ጥቁር ነገር ይኑር አይኑር ይመዝግቡ። ጽዋውን ከእንጨቱ አይፋቁት፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት ጨምረው በስሱ ይላጡት። የላኩልኝ ሦስት ፎቶዎች ሁሉም ከላይ የተነሱ ናቸው፤ ያ ሰውን ከአናቱ ብቻ አይቶ ስሙን እንደመጥራት ነው። ከጎን፣ ከታች፣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሚሊ ሜትር ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ይነሳልኝ።

ነጩን አስቀድሙልኝ። ቅርንጫፉን በጣት ርዝመት ቆርጠው በወረቀት ፖስታ ያድርቁት እንጂ በፕላስቲክ አይቋጥሩት፤ ይሻግታል። ቤት ሲገቡ ከአንዱ ጽዋ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉና ሲከፈት ይመልከቱ፤ ከዚያ ይቁረጡት። ጦር ካዩ ይጻፉልኝ፣ ቀንድ ካዩም ይጻፉልኝ። ሁለቱንም ካላዩ ሌላ አራት ጽዋ ይቁረጡ።